ናኖክሪስታል ወይስ ጋዶክስ? ጠርሙሱን ከመግዛታችሁ በፊት

ለኤክስሬይ ምስል የቱን ሲንቲሌተር (ኤክስሬይ ሲመታው የሚያበራ ቁስ) እንግዛ የምትሉኝ በዝታችኋል። አንዴ ጽፌው ልገላገል። ጋዶክስ፣ ማለትም ጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ የተባለውን ዱቄት፣ ግዙ።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት በፈሳሽ ውስጥ የሚመጣውን እጅግ ደቃቅ ክሪስታል፣ ናኖክሪስታሉን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር መጽሔት ላይ ከወጣ ወዲህ ብዙ የተወራለትን ሲዚየም ሊድ ብሮማይድ። ሻጩ በላከው ፎቶ ጠርሙሱ በዩቪ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ቦግ ብሏል፣ ዋጋው ደግሞ በሚሊ ሊትር ስለተጻፈ ርካሽ መሰለኝ። ሒሳቡን የሠራሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። 10 በ10 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ስክሪን (ኤክስሬዩ የሚያርፍበት የሚያበራ ንጣፍ) ግማሹ ፕላስቲክ ቢሆን እንኳ ወደ 2.4 ግራም ክሪስታል ይበላል። የእኔ ጠርሙስ በአንድ ሚሊ ሊትር የያዘው 10 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። ለአንዲት ስክሪን 240 ሚሊ ሊትር ማለት ነው! በዚያ ገንዘብ ስንት ጋዶክስ እንደሚመጣ ሳሰላ አንጀቴ አረረ።

በዩቪ ማማሩም አያታላችሁ። ዩቪ የሚያበራው ላይ ላዩን ነው፤ ኤክስሬይን ለመያዝ ግን ውፍረት ያስፈልጋል፣ ስታወፍሩት ደግሞ ክሪስታሉ የራሱን ብርሃን መልሶ ይውጠዋል። እኔ ይባስ ብዬ የሠራሁትን ፊልም በአልኮል ጠረግኩት፣ ወዲያው ደበዘዘ። መጠገን የሚባል ነገር የለውም። እርሳስ (ሊድ) ስላለበት እንደ ተራ ቆሻሻ አይጣልም።

ጋዶክስ ተለጥፎ ያለቀ ስክሪን ሆኖ ይመጣል፤ ብርሃኑም 545 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ለተራ ካሜራ ይመቻል። ዱቄት ስለሆነ በወፈረ ቁጥር ምስሉን ትንሽ ያደበዝዛል፣ እሱን አልክድም። ርካሽ ቅጂም ሞልቷል። እንደደረሳችሁ ምንም ዕቃ ሳታስቀምጡ ባዶውን በኤክስሬይ ፎቶ አንሱት፤ ነጠብጣብ ወይም ጭረት ካያችሁ በዚያው ቀን መልሱት።

ጥርት ያለ ምስል የግድ ከሆነና ኪሳችሁ ከቻለ፣ በመርፌ ቅርጽ የበቀለው ሲዚየም አዮዳይድ አለ። መርፌዎቹ ብርሃኑን እንደ ቱቦ ስለሚመሩት ምስሉ አይበተንም። ግን እርጥበት ጠላቱ ነው። የአንድ ጓደኛዬ ስክሪን ጠርዙ ትንሽ ተላጦ ነበር፣ ምስሉ ከዳር እየደበዘዘ ገባ፣ መጨረሻው መጣል ሆነ።

ናኖክሪስታል የሚያዋጣው ፍጥነት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ የእሱ ብርሃን በናኖሰከንድ ሲጠፋ የጋዶክስ እስከ ሚሊሰከንድ ይንቀረፈፋል። ሳይንቀሳቀስ ፎቶ ለሚነሳ ዕቃ ግን ሚሊሰከንድ ምን አላት? ናኖክሪስታል ካልገዛን ካላችሁ፣ እርሳስ የሌለበትን፣ በመዳብ የተሠራውን ዓይነት ፈልጉ፤ የራሱን ብርሃን እምብዛም አይውጥም። ሻጩንም በሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ከተንተባተበ ተዉት።