የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የእናቶች ክፍል፦ ምክሩ አሪፍ፣ በሩ ክፍት

አዲስ አበባ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ለጡት ማጥባት ምክሩ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ሲስተሯ ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር አሳይታ አላሰናበተችኝም። አጠገቤ ቁጭ ብላ የልጄን አገጭ ጡቴ ላይ አስጠግታ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጥቁሩንም እንዲጎርስ አደረገችው፤ ለካ ያቆሰለኝ አጎራረሱ ኖሯል። እናቴ እንገሩ ይታለብና ይደፋ፣ ቅቤ እናቅምሰው ስትል ደግሞ "ኧረ እማማ፣ እንገሩ እኮ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው፣ እስከ 6 ወር ውኃም አያሻውም" ብላ አሳመነቻት። (እናቴን ማሳመን ቀላል እንዳይመስላችሁ!)

የቤተሰብ ምጣኔው በነፃ ነው። የ3 ወር መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ፣ ሁሉም አለ። ጡት ብቻ ማጥባት እርግዝና የሚከላከለው ልጁ 6 ወር ሳይሞላውና የወር አበባ ሳይመለስ እንደሆነም በደንብ አስረድተውኛል።

ግን በሩ ለምን አይዘጋም? ስለ ወር አበባዬ ስጠየቅ ኮሪደር ላይ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። መጋረጃ እንኳ የለም! መርፌው የወር አበባ ሊያዛባ እንደሚችልም ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም፤ ስለዚህ ጠይቁ። ሰኞ ጠዋት ወረፋው አይቻልም፣ ከሰዓት ሂዱ።