ሰፊ እይታ ያለው የቪአር መነጽር በመኪና ውድድር ሲሙሌተር፦ የአንድ ሳምንት ግምገማ

የቪአር መነጽሩን፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሳለ ዓለም በዙሪያችን የሚያሳየውን ዕቃ፣ አጥልቄ ገና በሲሙሌተሩ ፒት (የውድድር መኪኖች መቆሚያና መጠገኛ) ውስጥ በቆመች መኪና ላይ እንደተቀመጥኩ መጀመሪያ ያስተዋልኩት መንገዱን ወይም የምስሉን ጥራት ሳይሆን የግራውን በር መስኮት ነው። ፊቴ ወደ ፊት እንደሆነ፣ አንገቴን ቅንጣት ሳላዞር፣ የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝና የስፖኪዮው ጥቁር ቅርፊት በዓይኔ ጥግ ይታዩኝ ነበር። እውነተኛ መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ ለዓመታት እንደ ጋሪ ፈረስ ግራና ቀኙ ተጋርዶበት ለተወዳደረ ሰው ግን፣ በር ባለው መኪና ውስጥ መቀመጡን ሳይዞር ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም።

መነጽሩ የእኔ አይደለም። አብሮኝ የሚወዳደር አንድ ወዳጄ ለአንድ ሳምንት አውሶኝ ነው የሞከርኩት፤ ብዙ ያገለገለ አንድ ዕቃ ይዞ በአምራቹ ላይ መፍረድ ስለማይገባ፣ ስሙን ትቼ ስለ ዓይነቱ እጽፋለሁ። በእያንዳንዱ ዓይን ፊት አንድ ባለ 4ኬ፣ ማለትም 3840 በ2160 ፒክስል የሆነ ስክሪን አለው፤ ሁለቱ ስክሪኖች ግን እንደ ተለመደው ጎን ለጎን በአንድ መስመር የተደረደሩ ሳይሆኑ፣ በከፊል እንደተከፈተ መጽሐፍ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ታጥፈው ፊትን ከሁለት በኩል ያቅፋሉ። ለንጽጽር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የቀረበው ኦኩለስ ሪፍት ለእያንዳንዱ ዓይን 1080 በ1200 ፒክስል፣ በ2019 የወጣው ቫልቭ ኢንዴክስ ደግሞ 1440 በ1600 ፒክስል ነበራቸው። ሰው በሁለት ዓይኑ ከግራ እስከ ቀኝ ከ180 ዲግሪ በላይ ሲያይ፣ የተለመዱት የቪአር መነጽሮች የሚያሳዩት 100 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው፤ ይህኛው በሰፊው ቅንብሩ ከ150 ዲግሪ ያልፋል። እዚህ ላይ ገዢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በማሸጊያ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዲግሪ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የተለካ ስለሆነ፣ ለሾፌር የሚጠቅመው የአግድም ስፋት ምንጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት በሙሉ ያለቀው መኪና በመንዳት ሳይሆን ቅንብር በመነካካት ነው። ከምወዳደርባቸው ሲሙሌተሮች አንዱን እንደከፈትኩ መሪው ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ አንዱ ዓይኔ የሚያየው ከሌላው ጋር አልገጥም አለ፣ ሁለት ደቂቃ ሳልቆይም ግንባሬን ያዘኝ። መነጽሩ የተበላሸ መስሎኝ ወዳጄን ልደውልለት ስል ነው ነገሩ የገባኝ፤ ችግሩ የዕቃው ብልሽት ሳይሆን የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነበር፤ ይህን ዓይነት መነጽር የሚገዛ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ስለሚገጥመው ትንሽ ላብራራው።

ጨዋታው የሚያሳየንን ዓለም የሚስለው በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ነው። በዚህ ገጽ ላይ፣ ከእይታችን መሃል 45 ዲግሪ ወደ ጎን ያለ ነገር ከመሃሉ አንድ ክንድ ርቆ ቢሳል፣ 60 ዲግሪ ላይ ያለው 1.7 ክንድ፣ 75 ዲግሪ ላይ ያለው ደግሞ 3.7 ክንድ ርቆ መሳል አለበት፤ 90 ዲግሪ ላይ ያለውስ ገጹ የቱንም ያህል ቢለጠጥ አይደረስበትም። ስለዚህ እይታውን በጥቂት ዲግሪ ማስፋት የሚሳለውን ምስል በብዙ እጥፍ ያስረዝመዋል። ስክሪኖቹ የታጠፉትም ይህን ለመቀነስ ነው፤ እያንዳንዱ ዓይን የራሱ የሆነና ወደ ጎን የዞረ ገጽ ሲኖረው፣ ጠርዙ ከገጹ መሃል ያን ያህል አይርቅም። ይሁን እንጂ ስክሪኖቹ መታጠፋቸውን ጨዋታውም ማወቅ ይኖርበታል። የሁለቱ ዓይኖች ገጽ ትይዩ ነው ብሎ የተጻፈ ሲሙሌተር ምስሎቹን እንዳሉ ሲልካቸው ውጤቱ እኔ ያየሁት ሁለት መሪ ነው። መፍትሔው በመነጽሩ ሶፍትዌር ውስጥ አለ፤ አንዲት ምልክት ስታደርጉ ምስሉ መጀመሪያ በትይዩ ገጽ ይሳልና በኋላ ወደታጠፈው ይገለበጣል። እኔም ምልክቷን አድርጌ ጨዋታውን ዘግቼ ስከፍት መሪው አንድ ሆነ። ሆኖም ያ ሁሉ የተለጠጠ ገጽ እንደገና መሳል ስላለበት፣ ምስሉን የሚስለው የኮምፒውተሬ ክፍል፣ የግራፊክስ ካርዱ፣ የማራገቢያ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫዬ በኩል ሳይቀር ይሰማኝ ጀመር።

የካርዱን ሸክም ለመረዳት ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ሁለቱ ስክሪኖች በድምሩ ከ16.5 ሚሊዮን ፒክስል በላይ አላቸው፤ የ2016ቱ ሪፍት ሁለቱም ስክሪኖቹ ተደምረው 2.6 ሚሊዮን አይሞሉም ነበር። ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ ይበልጣል፤ ምስሉ የሌንሱን መዛባት እንዲያካክስ ከስክሪኑ ከራሱ በልጦ ስለሚሳል ደግሞ እውነተኛው ሥራ ከዚህም በላይ ነው። በ90 ሄርትዝ፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ 90 ጊዜ ሲታደስ፣ ለአንድ ፍሬም (ለአንዱ ምስል) የሚፈቀደው ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ብቻዬን ስለማመድ ኮምፒውተሬ በመካከለኛ ቅንብር ይህን ያለ ችግር ይወጣው ነበር፤ ሃያ መኪና ተሰልፎ ውድድሩን የሚያስጀምረው መብራት ሲጠፋ፣ ማለትም ለስላሳ ምስል ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልገኝ ሰዓት፣ ግን መንተፋተፍ ይጀምራል። ጥላዎችን ቀነስኩ፣ በስፖኪዮ የሚታየውን ነጸብራቅ አሳነስኩ፣ ተመልካቾቹን ከመድረካቸው አባረርኩ። የምስሉን ጠርዝ በዝቅተኛ ጥራት ብቻ የሚስለው አማራጭ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ፤ በጥግ የሚታየውን ማንም አያነበውምና።

አሁን ወደ መንዳቱ ልግባ። የቤልጂየሙ ስፓ ፍራንኮርሻ 7.004 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የውድድር መንገድ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መታጠፊያው ላ ሱርስ ወደ ቀኝ የሚዞር ጠባብ፣ ወደ ኋላ የሚመልስ ኩርባ ነው። በውድድር ጅማሬ ላይ መኪና ሁሉ በአንድ ጊዜ ፍሬን የሚይዘው እዚያ ነው። በአሮጌው መነጽሬ እዚህ ቦታ ላይ የማደርገውን አውቀዋለሁ፤ ፍሬን እየያዝኩ ቀኜን አንድ ጊዜ በፍጥነት እገላመጥና ወደ መንገዱ እመለሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በግምትና በሞተር ድምፅ እወስነዋለሁ። በአራተኛው ምሽት በዚህኛው መነጽር ስገባ ግን አንድ ብጫ ነገር በቀኝ ዓይኔ ጥግ መጣ። አላየሁትም ማለት ይቻላል፤ መኖሩን ብቻ አወቅኩ። የጎማው ማቀፊያ፣ ፓራፋንጎው፣ ከመኪናዬ በር መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ዓይኔ ከመታጠፊያው የውስጥ ጫፍ አልተነሳም፤ መሪውን ግማሽ መዳፍ ያህል ላላ አደረግኩ፣ ቦታ ሰጠሁት፣ ጎን ለጎን ዞርን፣ ቁልቁል ኦ ሩዥ ወደሚባለው መታጠፊያም ጎን ለጎን ወረድን። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ብጫው ወደ ኋላ እየቀረ ከጥጌ ጠፋ፤ ሙሉ በሙሉ ማለፌን ያወቅኩትም ስፖኪዮ ሳላይ ነው። ያን ምሽት ሌላ መኪና አልነካሁም። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ የት እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ብዙ ሰው ከሰፊ እይታ የሚጠብቀውን ነገር አለማግኘቴንም መናገር አለብኝ። ብቻዬን ከሰዓት ጋር ስሽቀዳደም የዙር ሰዓቴ አልተሻሻለም። 20.8 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የጀርመኑ የውድድር መንገድ ኖርድሽላይፈ ላይ በሁለቱም መነጽሮች እየቀያየርኩ ስነዳ ከልማዴ የተለየ ነገር አላገኘሁም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ፍሬን የሚያዝበትን ምልክትም ሆነ የመታጠፊያውን የውስጥ ጫፍ የምናየው በዓይናችን መሃል ነው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ሰፊው መነጽር ጥቅም ሳይሆን ኪሳራ አለው። ያው አንድ ስክሪን በብዙ ዲግሪ ላይ ሲዘረጋ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚደርሰው ፒክስል ያንሳል፤ እንደ ሊጥ ነው፣ ሲሰፋ ይሳሳል። ጤናማ ዓይን በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ፒክስል መለየት ይችላል ተብሎ ይታሰባል፤ ይህ መነጽር ከዚያ በጣም ይርቃል። በዳሽቦርዱ ላይ የማርሹን ቁጥር ያለ ችግር አነባለሁ፤ የጎማውን ሙቀት ለማንበብ ግን ወደ ፊት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ፣ አዲስና ጠባብ እይታ ያለው መነጽር ቢሆን ይህን አላደርግም ነበር።

የፍጥነት ስሜቱ የተለየ ነው። የዓይን ጠርዝ ዝርዝር የማየት አቅሙ ደካማ ቢሆንም ለእንቅስቃሴ ንቁ ስለሆነ፣ የመንገድ ዳር አጥሩና ሣሩ በሁለቱም በኩል ሲፈስ ሰውነት በእርግጥ የሚሄድ ይመስለዋል። በዚሁ ምክንያት ሆድንም ይረብሻል። ከመጀመሪያዎቹ የቪአር ወራት በኋላ ማቅለሽለሽ የሚባል ነገር ረስቼ ነበር፤ በሁለተኛው ምሽት መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ሲሽከረከር ዓይኔን መጨፈን ግድ ሆነብኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ለመድኩት፤ አዲስ ጀማሪ ግን በጠባቡ ቅንብር ጀምሮ ቀስ በቀስ ቢያሰፋ ይሻለዋል። ሌላው የጠርዝ ጣጣ ብልጭልጭታ ነው። የዓይን ጥግ መብራት ሲርገበገብ ከመሃሉ በቶሎ ስለሚያውቅ፣ በ75 ሄርትዝ ብሩህ ሰማይ ሲመጣ ግራና ቀኜ ሲርገበገብ ይታወቀኝ ነበር፤ ወደ 90 ስወስደው ጠፋ።

የሌንሱ ጠርዝ ለመመልከቻ አይሆንም። ፊቴን ቀጥ አድርጌ ዓይኔን ብቻ ወደ ጎን ስልክ፣ ቀጥ ያለ የአጥር ምሰሶ እንደ ቀስት ይጎብጥና አንገቴን ሳዞር መልሶ ይቃናል። በሰፊው ቅንብር ይህ ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ በመካከለኛው ቅንብር ግን የማስተውለው ሆን ብዬ ስፈልገው ብቻ ነበር። በዚህም የተነሳ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሰፊውን ትቼ በመካከለኛው ነዳሁ፤ ጥቂት ዲግሪ ቀነሰብኝ፣ በምትኩ ግን ምሰሶዎቹ ቀጥ አሉ፣ ማራገቢያውም ተነፈሰ። በጎኔ ያለውን መኪና ለማወቅ መካከለኛው ይበቃል።

ስለ አካሉ በአጭሩ። መነጽሩ ሰፊ ስለሆነ ግራና ቀኝ ክንፍ ባለው የውድድር ወንበር ላይ ጭንቅላትን ሲያዞሩ ከክንፉ ጋር ይጋጫል፤ እኔ ከወንበሩ ጀርባ ትራስ ጨምሬ ወደ ፊት መጠጋት ነበረብኝ። ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል፤ ከአንድ ሰዓት ውድድር በኋላ ጉንጬ ላይ የሚቀረው ምልክት ለቤተሰብ ሳቅ ሆኖ ሰንብቷል። በዓይኖቼ መካከል ያለውን ርቀት በትንሿ ጎማ በትክክል እስካስተካክል ድረስ ምስሉ ደብዛዛ ነበር፤ ብዙ ሰው ይህችን ጎማ ሳይነካ ሌንሱን ይወቅሳል። የጭንቅላትን እንቅስቃሴ የሚከታተሉትን ሁለት ሳጥኖች መሪው በታሰረበት ብረት ላይ ማሰር አይገባም፤ ኃይለኛ መሪ የመንገዱን ጠርዝ ሲረግጥ ብረቱን ስለሚያንቀጠቅጠው ዓለሙ ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳ ላይ ስሰቅላቸው አቆመ። የእይታን መሃል የሚያስተካክለውን ትዕዛዝ ከመሪው ቁልፎች በአንዱ ላይ ማድረግም አይረሳ፤ መነጽር አጥልቆ ኪቦርድ በዳሰሳ መፈለግ ውድድር ያስመልጣል።

ሦስት ሞኒተር ደርድረው የሚወዳደሩ ወዳጆቼ ይህን ሁሉ ስነግራቸው ፈገግ ይላሉ፤ እነሱ ጎናቸውን ካዩ ቆይተዋል፣ ፊታቸውም ላይ ምልክት የለም። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ጠፍጣፋ ስክሪን የመታጠፊያውን ርቀትና የመንገዱን ቁልቁለት በሁለት ዓይን አያስመዝንም፣ እኔን ቪአር ላይ ያቆየኝ ይኸው ነው። በብዙ መኪኖች መካከል ጎን ለጎን መወዳደር ለሚወድና ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ አስቀድሞ ላለው ሰው ይህ ዓይነቱ መነጽር ይገባዋል እላለሁ። ብቻውን ሰዓት ለሚያሳድድ ግን በዚያው ገንዘብ መሃሉ ጥርት ያለ ጠባብ መነጽር ቢገዛ ይሻለዋል። የእኔ ካርድ በሃያ መኪና ፊት ስለሚንተፋተፍ፣ መጀመሪያ የምቀይረው እሱን ነው።

መነጽሩን መልሼ በአሮጌው የመጀመሪያውን ውድድር ስጀምር ላ ሱርስ ላይ ቀኜን መገላመጥ ረሳሁ። በቀኜ ሰው ነበር።