ክንድ ላይ የሚታሰረው የቤት ግፊት መለኪያ፦ ከመግዛትዎ በፊት ክንድዎን ይለኩ

ቤት ውስጥ ደም ግፊት ለመለካት ከሚሸጡት መሣሪያዎች ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው ክንድ ላይ የሚታሰረው አውቶማቲክ ነው። በእጅ እየተነፋ፣ በማዳመጫ የሚሠራው ባለ መርፌ መለኪያ በሠለጠነ ሰው እጅ ጥሩ ነው። ራሱን የሚለካ ሰው ግን በአንድ እጁ እየነፋ፣ እያዳመጠና መርፌውን እየተከታተለ ጡንቻውን ያስወጥራል፤ ቁጥሩም አብሮ ከፍ ይላል። መርፌው ደግሞ አንዴ ከወደቀ ከዜሮው መንሸራተቱ የተለመደ ነው። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ምቹ ነው፤ ነገር ግን አንጓው በልብ ትይዩ ካልተያዘ ውጤቱ አይታመንም። እሱን የምመርጠው ክንዱ በጣም ወፍራም ሆኖ የሚበቃው ማሰሪያ ላጣ ሰው ብቻ ነው። ጣት ላይ የሚገባውን ጨርሶ አይግዙ።

የክንዱ ማሽን እንደ ሐኪሙ ድምፅ አያዳምጥም። በማዳመጫ መለካትን ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ያስተዋወቀው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ይሄኛው የሚከታተለው በማሰሪያው ውስጥ ያለው አየር ከደም ስሩ ምት ጋር የሚንቀጠቀጠውን ነው። የማሰሪያው ግፊት ሲቀየር ንዝረቱ እያደገ ሄዶ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ጫፍ የደረሰበት ቦታ አማካይ ግፊትን ያሳያል፤ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር ማሽኑ ከዚያ ተነስቶ በቀመር ያሰላቸዋል። ቀመሩን አምራቾች ለራሳቸው ይዘውታል። ስለዚህ ሁለት ማሽኖች በአንድ ሰው ላይ በጥቂት ነጥብ ቢለያዩ አንዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። (ነጥብ የምለው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪን ነው።) የአንዱን አምራች ማሰሪያ ከሌላው ማሽን ጋር ማገናኘት የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቱቦው ልክክ ብሎ ቢገባም ቀመሩ የተሠራው ለራሱ ማሰሪያ ነው።

ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ «ትክክለኛነት ±3» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ገዢን የሚያሳስተው ይህ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ዳሳሽ ምን ያህል እንደሚስት እንጂ ማሽኑ የሰውን ግፊት ምን ያህል በትክክል እንደሚያነብ አይደለም። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በሰው ላይ የሚደረግ ፍተሻ ነው። አይኤስኦ 81060-2 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቢያንስ 85 ሰዎች እንዲለኩ ይጠይቃል፤ በማሽኑና በሠለጠኑ መርማሪዎች መካከል ያለው አማካይ ልዩነት ከ5 ነጥብ፣ የልዩነቶቹ ስርጭት ደግሞ ከ8 ነጥብ እንዳይበልጥ ያዛል። እንዲህ ያለ ፍተሻ ያለፉ ሞዴሎችን ስትራይድ ቢፒ (STRIDE BP) የተባለው ድረ ገጽ በነፃ ዘርዝሯል። እዚያ ሲፈልጉ የድርጅቱን ስም ብቻ አይመልከቱ፤ ከማሽኑ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ያመሳክሩ። የአንድ አምራች አንዱ ሞዴል ተፈትሾ ሌላው ሳይፈተሽ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ባለሙያዎች ካፍ ወደሚሉት ማሰሪያ። ገዢ ስክሪኑንና ብሉቱዙን ሲያወዳድር ይውልና ማሰሪያውን አያየውም፤ ውጤቱን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ያለውን ርቀት ይለኩ፤ መካከሉ ላይ ምልክት ያድርጉና በዚያ ቦታ የክንዱን ዙሪያ ይለኩ። ከብዙ ማሽኖች ጋር የሚመጣው መደበኛ ማሰሪያ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው። ከ22 እስከ 42 የሚያገለግል ሰፊ ማሰሪያ ያላቸውም አሉ። ክልሉ ማሰሪያው ላይ ታትሟል፤ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልም ጽሑፉን ያንብቡ።

ልኩ ያልሆነ ማሰሪያ ምን ያህል እንደሚያሳስት በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። እጅግ ትልቅ ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ 19.5 ነጥብ ከፍ ብሎ ተነቧል። ትልቅ የሚያስፈልጋቸው በ4.8 ገደማ ከፍ አለባቸው፤ ትንሽ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ በ3.6 ዝቅ አለባቸው። ሃያ ነጥብ ማለት ጤነኛውን ሰው መድኃኒት ሊያስጀምር የሚችል ስህተት ነው።

አስተሳሰሩም የራሱ ሥርዓት አለው። የማሰሪያው የታችኛው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ቱቦው በክንዱ ውስጠኛ በኩል ይውረድ። ሁለት ጣት በትንሽ ጥረት የሚገባበት ያህል ይጥበቅ። ከልብስ በላይ አይታሰር። እጅጌውን ጠቅልሎ ወደ ላይ መሰብሰብም አይጠቅምም፤ የተጠቀለለው ልብስ ራሱ ክንዱን ያንቃል። ከላይ ወፍሮ ወደ ክርን የሚቀጥን ክንድ ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ ማሰሪያ ከታች ክፍተት ይተዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ክንድ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ማሰሪያ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ማሽኑ ጥሩ ሆኖ የለካው ሰው ቢያበላሸውስ? ከመለካትዎ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት ይቅሩ፤ ሽንት ይሽኑ፤ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው 5 ደቂቃ በዝምታ ይቀመጡ። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ማሰሪያው ከልብ ጋር ትይዩ ይሁን። ይህ የደም ክብደት ጉዳይ ነው፦ ክንዱ ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ቁጥሩ ከ7 እስከ 8 ነጥብ ይጨምራል፣ ከፍ ቢል በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጠረጴዛው አጭር ከሆነ ከክንዱ ሥር ትራስ ያድርጉ። እየለኩ ማውራት ብቻውን ቁጥሩን ወደ 10 ነጥብ ሊያስጨምር ይችላል፤ «ስንት ሆነ?» እያሉ አጠገብ የሚቆሙ ዘመዶችን ከክፍሉ ማስወጣት የአሠራሩ አካል ነው።

መጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ክንድ ይለኩ። ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ10 ነጥብ በላይ ከሆነ ከዚያ በኋላ ከፍ ባለው ይቀጥሉ፤ ለሐኪምም ይንገሩ። ሐኪም ዘንድ ይዘው ለሚሄዱት መዝገብ ጠዋት መድኃኒትና ቁርስ ሳይቀድም ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በሁለቱ መካከል 1 ደቂቃ እየቆዩ ለ7 ቀናት ይለኩ። የመጀመሪያው ቀን ይጣላል፤ የቀሩት 24 ንባቦች አማካይ ነው የሚፈለገው። የአውሮፓ የሕክምና መመሪያዎች በጤና ተቋም 140/90፣ በቤት አማካይ ግን 135/85 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ግፊት ይሉታል። የቤቱ ወሰን ዝቅ ያለው ሰው በቤቱ ስለሚረጋጋ ነው።

ማሽኑ ንባቦችን የሚያስቀምጥበትን ማስታወሻ (ሜሞሪ) በተመለከተ ይህን ሂሳብ ያስቡ፦ የሳምንቱ ልኬት 28 ንባብ ነው። 30 ንባብ ብቻ የሚይዝ ርካሽ ሞዴል ለአንድ ሰው አንድ ሳምንት በቃ። ባልና ሚስት በአንድ ማሽን ከተለኩ የማን ቁጥር የማን እንደሆነ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለሁለት ተጠቃሚ የተለየ ቁልፍ ያለው፣ ለእያንዳንዱ 60 እና ከዚያ በላይ የሚይዝ ይምረጡ። «አማካይ» የሚለው ቁልፍም አያታልልዎ፤ በብዙዎቹ ላይ የመጨረሻዎቹን ሦስት ንባቦች ብቻ ነው የሚያሰላው። ብሉቱዝ ጥሩ ነው፣ ግን ለእሱ ሲባል ትክክለኛውን ማሰሪያ መተው አይገባም። ደብተርና እስክርቢቶ ያንኑ ይሠራል።

ብዙዎቹ በ4 ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ወይም ግድግዳ ላይ በሚሰካ አስማሚ (አዳፕተር) ይሠራሉ። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ሞተሩ በዝግታ ይነፋል፤ ሰዓቱም ድንጋይ ሲቀየር ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ቀኑን መልሰው ይሙሉ። ማሽኑን ለወራት የማይጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዮቹን ያውጡ፤ ፈሳሻቸው መገናኛውን ይበላዋል። ነፍቶ ጨርሶ እንደገና መንፋት ከጀመረ ወይ እጅ ተንቀሳቅሷል፣ ወይ መጀመሪያ የነፋው ለግፊትዎ አልበቃም፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ነፍቶ የማይሞላ ከሆነ ግን ጆሮዎን ወደ ቱቦው መሰኪያ ያስጠጉ፤ የሚሾልክ አየር ከሰሙ ችግሩ እዚያ ነው። ቱቦውን በማሽኑ ዙሪያ አጥብቆ መጠቅለል ከመሰኪያው ሥር ይሰነጥቀዋል።

ማሽኑ የማይበቃባቸው ሰዎች አሉ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ንባቡ ከምት ወደ ምት ስለሚለያይ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ አለበት። ስክሪኑ ላይ የምትበራው የተዛባ ምት ምልክት በተደጋጋሚ ከታየች የልብ ምርመራ ታስፈልጋለች፤ እሷ ራሷ ምርመራ አይደለችም። ነፍሰ ጡር ሴት ለእርግዝና ተለይቶ የተፈተሸ ሞዴል ያስፈልጋታል። ለኩላሊት እጥበት ፊስቱላ፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ስር፣ የተሠራበት ክንድ ላይ በፍጹም አይታሰርም።

ቁጥሩ 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 5 ደቂቃ ዐርፈው ይድገሙ። መልሶ ያው ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ያነጋግሩ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር ወይም የእይታ መበላሸት ካለ ግን መድገሙን ይተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስለ ዕድሜው፦ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያረጀው ማሰሪያው ነው። መያዣው መላቀቅ ይጀምራል፣ ውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ይለሰልሳል። ሲገዙ ምትክ ማሰሪያው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከሌለ ማሰሪያው ሲያልቅ ማሽኑም አብሮ አለቀ ማለት ነው። ማሰሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ እንጂ ውኃ ውስጥ አይንከሩት። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ማሽኑን ይዘው ጤና ተቋም ይሂዱና በአንድ ክንድ ላይ አንዴ በእነሱ፣ አንዴ በእርስዎ እያፈራረቁ ሦስት ሦስት ጊዜ ያስለኩ፤ አማካዮቹ ከ10 ነጥብ በላይ ከተራራቁ መጀመሪያ ማሰሪያውን ቀይረው ይድገሙት።