አርኤክስ 580 ወይስ ጂቲኤክስ 1650? ከቢሮ የወጣ ኮምፒውተርን በባሕር ዳር ለጌም ማብቃት

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊና የፔዳ ግቢ ተማሪዎች፣ በየሰፈሩ ጌም ቤት የከፈቱ ወጣቶች፣ ለልጆቻቸው ኮምፒውተር የገዙ ወላጆችም ሳይቀሩ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከመሥሪያ ቤት የወጣ ዴስክቶፕ አለኝ፤ ጌም እንዲያጫውት የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ላስገጥምለት?» የሚለው። በኪስ አቅም ተጣርቶ የሚቀረው ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ያገለገሉ ካርዶች ናቸው፤ የኤኤምዲ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጂቢ እና የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጂቢ። ሻጮች የመጀመሪያውን አጥብቀው ያሞግሳሉ፤ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ሜሞሪው እጥፍ፣ ፍጥነቱም የሚበልጥ ነውና። እኔ ግን እዚህ ከተማ ለሚኖርና የዴል ኦፕቲፕሌክስን ወይም የኤችፒ ኤሊትዴስክን የመሰለ የቢሮ ማሽን ላለው ሰው ያለማመንታት 1650ን እመክራለሁ።

በመጀመሪያ ዋጋውን እንመልከት። አርኤክስ 580 ባለ 8 ጂቢው እ.ኤ.አ. በ2017 በ229 ዶላር፣ ጂቲኤክስ 1650 ደግሞ በ2019 በ149 ዶላር ነበር ለገበያ የቀረቡት። ዛሬ ባገለገለ ዕቃ ገበያ ነገሩ ተገልብጦ ውዱ ረክሷል፣ ርካሹ ዋጋውን ይዞ ቆይቷል። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። 580 ለዓመታት የክሪፕቶ ማይኒንግ (በኮምፒውተር ስሌት ዲጂታል ገንዘብ የማግኘት ሥራ) ዋነኛ መሣሪያ ነበር፤ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በግራፊክስ ካርድ የሚሠራውን ማይኒንግ ሲያቆም ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በገፍ ለሽያጭ ወጡ። 4 ጂቢ ሜሞሪ ያላቸው ካርዶች ግን ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለዚያ ሥራ ስለማይበቁ አንድ ያገለገለ 1650 የተጫዋች ወይም የቢሮ ካርድ የመሆን ዕድሉ በጣም የሰፋ ነው። አዲስ ካርድ መግዛት ደግሞ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ዶላር ከ57 ብር ገደማ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ከተሻገረ ወዲህ ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ሆኗል። ስለዚህ ሁላችንም የምንገዛው ያገለገለ ነው፤ ያገለገለ ሲገዛ ደግሞ ካርዱ በማን እጅ እንደቆየ ማወቅ ከስሙ ይልቅ ይጠቅማል።

ዋጋ ስታወዳድሩ የካርዱን ብቻ አታወዳድሩ። እንበልና ሻጩ ለ580 14 ሺህ፣ ለ1650 18 ሺህ ብር ቢጠይቃችሁ 4 ሺህ ብር የተረፋችሁ ይመስላችኋል። ነገር ግን 580 በሙሉ ጭነት 185 ዋት ያህል ይወስዳል፤ የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ስሎት፣ ማለትም ካርዱ የሚሰካበት ቦታ፣ መስጠት የሚችለው ቢበዛ 75 ዋት ስለሆነ ቀሪውን ከፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) በሚመጣ የራሱ ገመድ ማግኘት አለበት። የኦፕቲፕሌክስ 7050 ትልቁ ኬስ የሚመጣው 240 ዋት፣ ትንሹ ደግሞ 180 ዋት ካለው ፓወር ሰፕላይ ጋር ነው፤ ሁለቱም ለካርድ የሚሆን ገመድ የላቸውም። ሌላ ፓወር ሰፕላይ ልግዛ ስትሉ ደግሞ የዴል ማዘርቦርድ ሶኬት ከተለመደው የተለየ በመሆኑ ማገናኛ ገመድ መፈለግ ግድ ይሆናል። በትንሹ ኬስ ውስጥማ ተራው ፓወር ሰፕላይ ጭራሽ አይገባም። ተረፈ የተባለው 4 ሺህ ብር እዚህ ላይ ያልቃል፤ ተጨማሪም ይጠይቃል። 1650 ግን አጠቃላይ ፍጆታው 75 ዋት ስለሆነ አብዛኞቹ ሞዴሎች ያለ ምንም ገመድ ስሎቱ ላይ ተሰክተው ይሠራሉ፤ ለትንሹ ኬስ የሚሆን አጭር፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባል ዓይነትም አለው። በ580 እንዲህ ያለ አይገኝም። ባለ 6 ፒን ገመድ የሚጠይቁ አንዳንድ የ1650 ሞዴሎች ስላሉ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የካርዱን ጠርዝ አይታችሁ አረጋግጡ፤ ትንሽ ኬስ ያላችሁም ስሎቱ ስንት ዋት እንደሚሰጥ ከማሽኑ መመሪያ ላይ ተመልከቱ፤ በአንዳንዶቹ ከ75 ዋት ያነሰ ነውና።

አንዳንድ ጥገና ቤቶች ለዚህ ችግር የሚያቀርቡት መፍትሔ የሃርድ ዲስክን የሳታ ገመድ ወደ ባለ 8 ፒን የሚቀይር ርካሽ ማገናኛ ነው። ይህን በፍጹም አትቀበሉ። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት መስመሩ እንዲሸከም የተሠራው 54 ዋት ነው፤ ባለ 8 ፒኑ ግን እስከ 150 ዋት ሊጎተትበት የሚችል ነው። ሰዎች «ኮምፒውተሩ ሸተተ» ብለው ሲጠሩኝ ኬሱን ከፍቼ ያገኘሁት የቀለጠ ሶኬትና የጠቆረ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ማገናኛ የመጣ ነበር። አንዱ ካርዱን ብቻ አጣ፤ ሌላው ማዘርቦርዱንም ሃርድ ዲስኩንም አብሮ አጣ። በጥቂት መቶ ብር ማገናኛ ምክንያት የቤተሰብ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል።

የመብራት ነገርም አለ። በሁለቱ ካርዶች መካከል ያለው የ110 ዋት ልዩነት በቀን አራት ሰዓት ለሚጫወት ሰው በወር 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ብዙም አይሰማም። ማሽኑን በቀን አሥር ሰዓት ለሚያሠራ ጌም ቤት ግን በአንድ ማሽን በወር 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ማሽኖቹ አምስት ሲሆኑ ደግሞ 165። በተለይ በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ለሚሠራ፣ ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ውዱ እርከን የሚያሸጋግር በመሆኑ ይህ በሒሳቡ ላይ በግልጽ ይታያል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት የሚያስችለው 650 ቪኤ ትንሹ ዩፒኤስም 1650 ያለበትን ማሽን ያለ ጭንቀት ይሸከማል፤ ከ580 ጋር ግን ሞኒተሩ ሲደመር አቅሙ ጠርዝ ላይ ይደርሳል፤ ባትሪው ያረጀ ከሆነ መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት፣ በጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ 185 ዋት የሚያመነጨውን ሙቀት የተቀመጠበት ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሥጋቴ ልምጣ፤ ማጭበርበሩ። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ 580 አይደለም። ትክክለኛው 2304 የማስያ ክፍሎች ሲኖሩት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቻይና ገበያ የተሠራው «2048ኤስፒ» የተባለው ዓይነት ግን 2048 ብቻ አለው፤ በሥራው አርኤክስ 570 ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ «580» በትልቁ፣ ቀሪው በትንሹ ይጻፋል፤ ዋጋው ግን የትልቁ ነው። በተጨማሪም ለማይኒንግ ሲባል ባዮሳቸው (ካርዱን የሚያስነሣው ውስጣዊ ፕሮግራም) የተቀየረባቸው ካርዶች ስክሪን ይሰጣሉ፤ የኤኤምዲን ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያሠራ የሚያደርገውን ፕሮግራም) ስትጭኑላቸው ግን አይቀበሉም። ሻጩ ሱቅ ውስጥ የሚያሳያችሁ ዴስክቶፑን ብቻ ስለሆነ ይህንን የምታውቁት ቤት ደርሳችሁ ነው።

በኤንቪዲያም በኩል ማጭበርበር የለም ማለቴ አይደለም። እንደ 550 ቲአይ ያለ ያረጀ ካርድ ባዮሱን ቀይረው 1050 ቲአይ ወይም 1650 ብለው የሚሸጡ አሉ። ይህኛው ግን ለመያዝ ይቀላል። ከ10ኛው ተከታታይ (እንደ 1050 እና 1060 ካሉት ካርዶች) ጀምሮ ኤንቪዲያ የአናሎግ ምልክት ስለተወ፣ ሰማያዊው የቪጂኤ ሶኬት ያለበት «1650» ካያችሁ አስቀምጣችሁት ውጡ። ከዚያ ባለፈ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙ የተቀየረ አሮጌ የኤንቪዲያ ቺፕ ሲያገኝ ሐሰተኛ መሆኑን ራሱ ይጽፋል፤ የ580ንም የማስያ ክፍሎች ቁጥር ያሳያል። 1650 ከሆነ 896 የሚል ቁጥር ማንበብ አለባችሁ። ከዚያም ሻጩ ፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ካርዱን በሙሉ ጭነት የሚፈትነውን ፈርማርክ የተባለ ፕሮግራም አስኪዱ፤ በስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ፣ ፋኑም ካንቋረረ ቅናሽ አትጠይቁ፣ አትግዙ። ይህን ፈተና የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ጥገና ያድነዋል ብላችሁም አትጽናኑ። ሜሞሪው ወይም ቺፑ የታመመ ካርድ በሂት ጋን ሲሞቅ ለጥቂት ሳምንታት ይነሣና መልሶ ይሞታል፤ የተከፈለበት ገንዘብ ግን አይመለስም። ቺፕ አንሥቶ በአግባቡ የሚተክል ባለሙያና መሣሪያ ፍለጋ አዲስ አበባ መላክ ማለት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ ዕቃውን ለሰው አደራ መስጠት ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ መጠበቅ ነው። አዲስ አበባ በስልክ ተስማምታችሁ የምታስመጡት ካርድ «የአንድ ወር ዋስትና» ቢኖረውም ወሩ በመመላለስ ያልቃል። እዚሁ ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ ሱቅ፣ ፈትኖ በሚሰጥ ሰው፣ ትንሽ ጨምሮ መግዛት ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ማጽዳትና የቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) መቀየር ግን እዚሁ በትንሽ ዋጋ የሚሠራ፣ ለማንኛውም ያገለገለ ካርድ የሚገባ ነው።

580 የሚያሸንፍበትን ሳልናገር ባልፍ ፍትሐዊ አይሆንም። በራሳችሁ የገጣጠማችሁት ሰፊ ኬስ፣ ስሙ የታወቀ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ካላችሁና ትክክለኛውን፣ የአንድ ተጫዋች የነበረውን ካርድ ካገኛችሁ፣ 580 ይፈጥናል፤ 8 ጂቢውም አዳዲስ ጌሞች ላይ የ1650ን 4 ጂቢ በግልጽ ይበልጣል። ጂቲኤ 5ን እና ፔስ 2021ን ለሚጫወት ሰው ግን ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው፤ ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃንን ጉዞ አስልቶ ምስል የመሥራት ዘዴን) ግድ የሚሉ አዲሶቹን ጌሞች ደግሞ ሁለቱም በአግባቡ አያጫውቱም። ለእነርሱ የሚሆነውና እንደ 1650 ያለ ገመድ የሚሠራው፣ 70 ዋት ብቻ የሚወስደው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጂቢው ነው፤ ብሩ ያለው ሰው ሌላ ማሰብ የለበትም። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ግን በአሮጌ ማሽን ላይ አትግጠሙ፤ የሚጠቀመው አራት የስሎት መስመሮችን ብቻ ስለሆነ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 የተባለው የቆየ ስሎት ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ አቅሙ ይወርዳል።

ካርዱ ከተወሰነ በኋላ ዊንዶውስ ይከተላል። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፍ የለውም፤ ማይክሮሶፍት ለሚመዘገቡ ተጠቃሚዎች የደህንነት ማሻሻያ የሚሰጠው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ጥቂት ሞዴሎች ሲቀሩ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ ማሽኑን ገና ያልገዛችሁ ሰዎች፣ ካርዱን ለማሳደግ ያሰባችሁትን ብር ወደ 8ኛው ትውልድ አዙሩት፤ ኮር አይ5 8500 ስድስት ኮር ሲኖረው 6500 ያለው አራት ብቻ ነው፤ የዊንዶውስ 11ም ጭንቀት ይቀራል። 6ኛው ትውልድ በእጃችሁ ካለ በዊንዶውስ 10 ቆዩና ለማሻሻያው ተመዝገቡ። ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም መመዘኛውን አልፎ 11ን መጫን ይቻላል፤ ዓመታዊው ትልቅ ማሻሻያ ግን በራሱ ስለማይመጣ በየጊዜው ብዙ ጂቢ በሞባይል ዳታ አውርዳችሁ እንደገና መጫን ይጠበቅባችኋል። ቫሎራንትን የመሰሉ ጌሞችም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የተባሉት የማሽኑ የደህንነት መጠበቂያዎች ካልበሩ አይነሡም። በፍላሽ የሚዞረውን «ቀላል» የተባለ፣ አካሉ የተቆራረጠ ዊንዶውስ አትጫኑ፤ ድራይቨር እምቢ የሚልበትን ምክንያት ፍለጋ ሙሉ ቀን የሚያስፈጀው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ኤንቪዲያ የ10ኛውን ተከታታይ ካርዶች ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. በኋላ ወደ ደህንነት ማሻሻያ ብቻ ሲያወርዳቸው 1650ን አልነካውም፤ ስለዚህ በርካሽ የሚቀርብላችሁን 1050 ቲአይም ሆነ 1060 በዚህ ዓይን መዝኑት። ኤኤምዲ በበኩሉ የ580ን የዊንዶውስ ድራይቨር ከአዲሶቹ ካርዶች ለይቶ በጥገና ብቻ ካስቀመጠው ቆይቷል። የዊንዶውስ ነፃ አማራጭ በሆነው በሊነክስ ላይ ግን የ580 ድራይቨር ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣና አሁንም ስለሚሻሻል፣ ካርዱን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ሊነክስ ሚንትን ጫኑና ስቲም በተባለው የጌም መደብር በኩል የብቻ ጨዋታዎችን ሞክሩበት፤ ኢኤ ኤፍሲን ከጓደኞቻችሁ ጋር በኢንተርኔት የምትጫወቱ ከሆነ ግን የማጭበርበር መከላከያው በሊነክስ ስለማይሠራ ዊንዶውሱን አታጥፉት።