የአሮጌ ላፕቶፕ ቀፎ ይታደስ ወይስ ዲስኩ ይቀየር?

ደብረ ብርሃን ላይ እንደ እ.ኤ.አ. 2011ዱ ቲንክፓድ ቲ420 ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ኖሮት ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃው ሰው፣ ቀፎውን (የውጭ አካሉን) ከማሳደስና ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (መረጃን በቺፕ ላይ በሚያስቀምጥ ማከማቻ) ከመተካት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል።

እኔ ያለማመንታት ኤስኤስዲውን አስቀድማለሁ። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ በሳታ (በተለመደው የዲስክ ማገናኛ) የሚሠራ ኤስኤስዲ ወደ 500 ይደርሳል። ለአገራችን ደጋ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ መረጃው ከተጻፈበት ከሚሽከረከረው ሳሕን በላይ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ስለሚንሳፈፍና ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ አምራቾች የተለመደውን ዲስክ በሥራ ላይ የሚፈቅዱት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከዚህ በታች ብትሆንም የመንዝ ጓሳ ከወሰኑ ያልፋል። ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከርም ሆነ የሚንሳፈፍ አካል የለውም።

የቀፎው እድሳት በአብዛኛው ለዓይን ነው። የዋይፋይ አንቴናው በስክሪኑ ዙሪያ ስለሚገኝ፣ የብረት ብናኝ ያለበት ቀለም ክዳኑ ላይ ከተቀባ ምልክቱን ሊያዳክም ይችላል። ማጠፊያው ከተሰነጠቀ ግን ነገሩ ይለያል፤ የስክሪኑ ገመድ በዚያ ስለሚያልፍና ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ያን ጊዜ ቀፎው ይቅደም እላለሁ።