የጣሪያዬ ሞተር፦ ከ8 ወር በኋላ

መጋቢት ውስጥ አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ። ለሥራ ኮምቦልቻ ነበርኩ። መልእክቱ አጭር ነው፦ «ዝናብ። ጣሪያው አልተዘጋም።»

ደሴ ግቢያችን ጥግ ላይ የሠራኋት የቴሌስኮፕ ቤት ጣሪያዋ በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። የሚገፋው ለግቢ በር የተሠራ 220 ቮልት ሞተር ነበር። ጥቅምት ላይ ስገዛው «መብራት ሲጠፋስ?» ብዬ ሻጩን ጠይቄዋለሁ። «ችግር የለውም፣ በቁልፍ ፈተህ በእጅህ ትገፋዋለህ» አለኝ።

ወንድሜ፣ በማን እጅ? ቤቷ በራሷ እንድትሠራ ያን ሁሉ የለፋሁት እኮ እኔ ለማልኖርበት ሌሊት ነው! ያን ማታ የዝናብ ሴንሰሩ ሠርቷል። ቤቷን የሚያዝዘው ትንሹ ኮምፒውተር፣ ራስበሪ ፓዩም፣ በትንሽ ባትሪው መልእክት ልኳል። ሞተሩ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። ቁልፉ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ኮምቦልቻ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። በርበሬ የምታሰጣበትን ሸራ ይዛ ዝናቡ ውስጥ ገባች። ከቆይታ በኋላ መልሳ ደወለች። «ሸፍኜልሃለሁ። በል በዚህ ዝናብ የሐረጎን ዳገት እንዳትወጣ» አለችኝ።

ጠዋት ስደርስ የ80 ሚሊሜትሩ ሌንስ ጠርዝ ላይ ሁለት የበርበሬ ፍሬ ተጣብቋል። በብሩሽ ሳነሳቸው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካሜራው ተርፏል።

ያኔ ሌላም ነገር ገባኝ። መብራት ሲጠፋ ቴሌስኮፑም ወደ ሰማይ ቀና እንዳለ ነው የቀረው። ጣሪያው ቢዘጋ ኖሮ ይገጨው ነበር። ስለዚህ ባትሪ ለሞተሩ ብቻ አይበቃም። አሁን 24 ቮልት ሞተር በሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ገጥሜያለሁ፤ ቴሌስኮፑም የሚሠራው በባትሪ ነው። መብራት እንደጠፋ፣ ዝናብ ሳይጠበቅ፣ መጀመሪያ ቴሌስኮፑ ይተኛል። መተኛቱን አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ካላረጋገጠች ጣሪያው አይንቀሳቀስም።

በቤቷ ግን አልጸጸትም። እርግጥ ቴሌስኮፕ አቅጣጫው የሚስተካከልበት ሰሜን ኮከብ እዚህ ከአድማስ 11 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ይጋርደኛል። ሶፍትዌሩ ሌሎች ከዋክብትን ፎቶ እያነሳ ነው አቅጣጫውን የሚያስተካክልልኝ። በምትኩ ሚያዝያ ላይ ከማታው 5 ሰዓት ገደማ ኦሜጋ ሴንታውሪ በደቡብ በኩል 31 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። አብዛኛው አውሮፓ ይህን የከዋክብት ክምችት ጨርሶ አያየውም። እኔ ከግቢዬ ፎቶ አነሳሁት።

አሮጌውን ሞተር የግቢያችን በር ላይ አስገጠምኩት። እዚያ ጎበዝ ነው፤ ቆሞ የሚገፋ ሰው አለ። ለጣሪያ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።