የዳዊት ወንጭፍ ወይስ የኢዮሣፍጥ መዝሙር?

ጎጃም ውስጥ ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ዳዊትን ለመረዳት አይቸገርም። እኔም ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ አባርሬያለሁ። ወንጭፍ ቀልድ አይደለም። ጠጠሩ ሸካራና ጠማማ ከሆነ አቅጣጫ ይስታል። ዳዊት ከወንዝ 5 ድብልብል ድንጋዮች የመረጠው ለዚህ ይመስለኛል። «በእግዚአብሔር ስም መጣሁ» አለ፤ ባዶ እጁን ግን አልሄደም። የሳኦልን ጥሩር አውልቆ የለመደውን ይዞ ወጣ።

የይሁዳው ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ሌላ ነው። ሞዓብና አሞን ሲመጡበት ጾም አወጀ፤ ከሠራዊቱ ፊት መዘምራን አሰለፈ። ጠላቶቹ እርስ በርስ ተላለቁ። ለይሁዳ ሰዎች የቀረው ምርኮ መሰብሰብ ብቻ ነበር፤ እሱም 3 ቀን ፈጀ!

በዐቢይ ጾም፣ በእነዚያ 55 ቀናት፣ ከፈተና ጋር ስታገል የትኛው መንገድ ይሻለኛል? ለሐሜት ዳዊት። ቡና ላይ የሰው ወሬ ሲነሳ ብድግ ብዬ እወጣለሁ። ጠጠሬ ይቺው ናት፤ አንዳንዴ ትስታለች። ለፍርሃትና ለሐዘን ግን ወንጭፍ አይሠራም። ሞክሬዋለሁ። ያኔ ቤተ ክርስቲያን ጥግ እቆማለሁ። በጾሙ ከበሮ የለም፤ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ሲዘምሙ ዝም ብዬ ከኋላቸው እሰለፋለሁ።